ግራሩ ለጉንዳኑ የሚከፍለው ደሞዝ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ጉሎ የሌለበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የካ አባዶ ሂዱ፣ ኮዬ ፈጬ ሂዱ፣ ለገጣፎ ሂዱ፣ አለ። ቦይ ዳር ይበቅላል። ተጀምሮ የቆመ ግንባታ ውስጥ ይበቅላል። ቆሻሻ በተደፋበትም ይበቅላል። የሚተክለው የለም፣ የሚያጠጣውም የለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቅጠሉን አትቁረጡት፣ ቀና ብቻ አድርጉት። ረጅሙ ዘንግ ከሰፊው ቅጠል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። አንዳንዷ ላይ ጠብታ ታብረቀርቃለች። ብዙ ጊዜ ደግሞ አንድ ቁጫጭ አፉን ጠብታዋ ላይ ተክሎ፣ ቀንዶቹን እያወዛወዘ ይልሳል። ጠግቦ ሲሄድ ሌላው ይተካል።

ጠብታዋ ስኳር ናት። አበባ ውስጥ ከምናውቀው ወለላ ጋር ትመሳሰላለች፣ የምትጠራው እንግዳ ግን ሌላ ነው። የአበባ ወለላ ንብ ይጠራል። የቅጠል ወለላ ጉንዳን ይጠራል። ጉንዳኑ ጣፋጭ ፍለጋ ተክሉ ላይ ይወጣል። እግረ መንገዱን የነፍሳት እንቁላል ካገኘ ይበላል። አባጨጓሬ ካገኘ ይነክሳል፣ ወይ ጎትቶ ይጥላል። ተክሉ መሮጥም መማታትም አይችልም። ስለዚህ ስኳር ከፍሎ የሚማታለት ይቀጥራል። ከአበባ ውጭ እንዲህ ወለላ የሚያመነጩ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ተመዝግበዋል።

የጉሎው ነገር ግን የቀን ሥራ ነው። ቁጫጩ ቤቱ መሬት ውስጥ ነው። ንግሥቲቱም እጮቹም እዚያው ናቸው። ጉሎው ቢቆረጥ ሌላ ተክል ይፈልጋል። በሞቃታማ አገሮች ግን ከዚህ እጅግ የጠበቀ ውል አለ። እዚያ ዛፉ ምግብ ብቻ ሳይሆን ቤትም ይሰጣል። ባዶ እሾህ፣ ባዶ ግንድ ወይም ከረጢት የመሰለ ቅጠል ያዘጋጃል። ጉንዳኑ እዚያው ይፈለፈላል፣ እዚያው ያረጃል፣ እዚያው ይሞታል። እንዲህ ለጉንዳን ቤት የሚሠሩ ከ600 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎች ይታወቃሉ።

እኛ አካባቢ ይህን ለማየት አትድከሙ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ 3,000 ሜትር ይታለፋል። ጉንዳን ሰውነቱን የሚያሞቅበት የራሱ ምድጃ የለውም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን እንደምታውቁት ነው። መሬት ውስጥ የተኛ ቁጫጭ ያን ብርድ ያመልጠዋል፣ ቅርንጫፍ ላይ የሚያድር ግን አያመልጠውም። የእኛ የደጋ ግራር የሚያብጥ እሾህ የለውም። እሾሁ ይወጋል፣ ግን ማንንም አያሳድርም።

እንግዲህ ወደ ሞቃቱ አገር እንሂድ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶማስ ቤልት የሚባል እንግሊዛዊ የማዕድን መሐንዲስ ኒካራጓ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራው ወርቅ ማውጣት ይሁን እንጂ ዓይኑ ነፍሳት ላይ ነበር። በ1874 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ የግራር ዓይነት ነገረን። እሾሁ የበሬ ቀንድ ይመስላል፣ ውስጡም ባዶ ነው። ጉንዳኖች ይኖሩበታል። ዛፉ በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ትንንሽ ቢጫ ፍሬ የመሰሉ ነገሮች ያበቅልላቸዋል። ጉንዳኖቹ እየቀነጠሱ ለእጮቻቸው ይወስዳሉ። ፍሬዎቹ በቅባትና በፕሮቲን የበለጸጉ ናቸው። ለዛፉ ለራሱ የሚሰጡት ሌላ ጥቅም የለም። ቤልት እነዚህ ጉንዳኖች የዛፉ ጠባቂዎች ናቸው አለ። ብዙዎች አላመኑትም። ጉንዳኑ ዝም ብሎ ተመቻችቶ የሚኖር ተከራይ እንጂ ለዛፉ የሚረባ አይደለም ተባለ።

ክርክሩን የዘጋው ዳንኤል ጃንዘን ነው፣ በ1966 ባሳተመው ጥናት። ሜክሲኮ ውስጥ አንዳንዶቹን ዛፎች ከጉንዳን አጸዳ፣ ሌሎቹን እንዳሉ ተወ። ከዚያ ጠበቀ። ጉንዳን የሌላቸው ዛፎች በነፍሳት ተበሉ፣ ሐረግ ወረሳቸው፣ ዕድገታቸው ቆመ፣ ብዙዎቹም ሞቱ። ጉንዳን ያላቸው ግን ለመለሙ። እኔን በጣም የሚገርመኝ የሐረጉ ነገር ነው። ጉንዳኖቹ ዛፉን የሚበሉ ነፍሳትን ብቻ አይደለም የሚያጠቁት። ዛፉን የሚነካ ሌላ ተክልም ይቆራርጣሉ፣ ሥሩ አካባቢ ያለውን አረም ይመነጥራሉ። ዛፉ ፀሐይ ካጣ እነሱም ቤት እንደሚያጡ ያወቁ ያስመስላቸዋል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንዴት ያለ ወዳጅነት ነው!» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን ወዳጅነት የሚለው ቃል ያሳስታል ባይ ነኝ። የበሬ ቀንዱን ግራር ወለላ እንመልከት። ተራ የአበባ ወለላ ውስጥ ሱክሮስ የሚባለው፣ ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው የስኳር ዓይነት አለ። እንስሳ ይህን ስኳር ለመፍጨት አንድ ኢንዛይም ያስፈልገዋል። የግራሩ ወለላ ግን ስኳሩ አስቀድሞ ተፈጭቶ ነው የሚወጣው። ነዋሪዎቹ ጉንዳኖች ይህን ወለላ ብቻ ይፈልጋሉ፣ ምክንያቱም ሠራተኞቹ ተራውን ስኳር የመፍጨት አቅም የላቸውም። ለረጅም ጊዜ ይህ የጉንዳኑ ተፈጥሮ ነው ተብሎ ታምኖ ነበር። በ2014 የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። አዲስ የተፈለፈለ ሠራተኛ ኢንዛይሙ አለው። የመጀመሪያዋን የግራር ወለላ ሲቀምስ ግን፣ ወለላው ውስጥ ያለ ሌላ ፕሮቲን የጉንዳኑን ኢንዛይም ያጠፋዋል። ከዚያ ወዲያ የሌላ ተክል ስኳር አይስማማውም። ዛፉ ሠራተኛውን በመጀመሪያው ቁርስ አስሮ አስቀረው ማለት ነው።

አበባ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የተቆጣ ጉንዳን ንብና አባጨጓሬ አይለይም። ንብ ካልቀረበ ደግሞ ፍሬ የለም። ታንዛኒያ ውስጥ የሚበቅል አንድ የግራር ዝርያ ላይ በ1997 የወጣ ጥናት መፍትሔውን አሳይቷል። አበባው ብናኙን በሚለቅበት ሰዓት ጉንዳን የሚያርቅ ሽታ ያወጣል። ንቦቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ሽታው ይጠፋል፣ ዘቦቹም ይመለሳሉ።

አሁን ወደ አገራችን የሚቀርበውን እንይ። ፉሌንሳ ይሉታል ቦረናዎች። ከእኛ ደቡብ ጀምሮ እስከ ኬንያና ታንዛኒያ የሚበቅል አጭር ግራር ነው። የሚወደው መረሬ መሬት ነው። ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው፣ ሲዘንብ ጫማ የሚያስቀረው፣ የአቃቂና የዱከም ሰው በደንብ የሚያውቀው ዓይነት ጥቁር አፈር። ፉሌንሳ ረጃጅም እሾሆች አሉት። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ሥራቸው ላይ ያብጡና ክብ ኳስ ይሆናሉ። ኳሱ ገና ለጋ ሳለ ለስላሳ ነው፣ ሲደርቅ ይጠቁርና ይጠነክራል። ጉንዳኖቹ ይበሱትና ውስጡ ይገባሉ። ነፋስ ሲነፍስ የተበሱት ኳሶች ያፏጫሉ። ዛፉ ዝነኛ የሆነውም በዚህ ፉጨቱ ነው።

ኬንያ ውስጥ ላይኪፒያ በተባለ ደጋማ ሜዳ ላይ ይህን ዛፍ አራት የጉንዳን ዝርያዎች ይሻሙታል። በአንድ ዛፍ ላይ በአንድ ጊዜ የሚነግሠው አንዱ ብቻ ነው። የሁለት ዛፎች ቅርንጫፍ ከተነካካ ጦርነት ይነሳል፣ ሥሩም በሬሳ ይሞላል። አራቱም ከዛፉ ይኖራሉ፣ ለዛፉ የሚመልሱት ግን በጣም ይለያያል።

አንደኛው ጥሩው ዘብ ነው። ቅርንጫፉን ስትነኩ ይወርዳል፣ ነክሶም አይለቅም። በምትኩ ያበጡትን እሾሆችና ወለላውን ሙጭጭ ብሎ ይጠቀማል።

ሁለተኛውም ኃይለኛ ነው፣ ግን ዛፉን ይከረክመዋል። ቅርንጫፉ ወደ ጎን ሄዶ የጎረቤት ጉንዳን እንዳይመጣበት ቡቃያውን እየቀጠፈ ይበላል። አበባውም አብሮ ይቀራል። ዛፉ በሕይወት ይኖራል፣ ግን መካን ይሆናል።

ሦስተኛው ደካማ ነው። ሌሎቹ እንዳይፈልጉት ወለላ የሚወጣበትን ቦታ ራሱ ያበላሸዋል። በትንንሽ ዛፎች ላይ፣ በትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

አራተኛው በጉልበት ሁሉንም ያሸንፋል፣ ለዛፉ ግን ደንታ የለውም። እሾህ ውስጥ አይኖርም። ጥንዚዛ በግንዱ ውስጥ የፈለፈለው ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያድረው። ጥንዚዛ በበዛ ቁጥር ለእሱ ቤት በዛ። ስለዚህ ጥንዚዛውን አይከለክልም።

በ1995 ተመራማሪዎች ላይኪፒያ ውስጥ ሰፊ መሬት በኤሌክትሪክ አጥር አጠሩ። ዝሆንና ቀጭኔ ግራሩን እንዳይበሉ ተደረገ። ከ10 ዓመት በኋላ ዛፎቹ ምን ሆነው ተገኙ? ማንም የሚጠብቀው ለምልመው ነው። በላተኛው ተባረረላቸው አይደል? የቶድ ፓልመርና የባልደረቦቹ ጥናት በ2008 ሲወጣ ግን የተገኘው ተቃራኒው ነበር። አጥር ውስጥ ያሉት ዛፎች ቀስ ብለው አደጉ፣ በብዛትም ሞቱ።

እንዴት ሆነ? ግቢያችሁን የሚጠብቅ ዘበኛ አላችሁ እንበል። ከሰፈሩ ሌባ ከጠፋ ዓመታት ተቆጠሩ። «ለምን ይህን ሁሉ እከፍላለሁ?» ብላችሁ ደሞዙን ብትቀንሱበት፣ ማደሪያውንም ብትወስዱበት ጎበዙ ዘበኛ ይሄዳል። ዛፎቹም እንዲሁ አደረጉ። የሚበላቸው ሲጠፋ ያበጡ እሾሆችን ቀነሱ፣ ወለላም ቀነሱ። ጥሩው ዘብ ቤትና ምግብ አነሰው፣ ቁጣውም ቀዘቀዘ። ጎዶሎውን ለመሙላት የዛፉን ጭማቂ የሚመጥጡ ትንንሽ ነፍሳትን ማርባት ጀመረ፣ እነሱም ጣፋጭ ያወጡለታልና። በብዙ ዛፎች ላይም ተሸንፎ ቦታውን ለአራተኛው ለቀቀ። አራተኛው የዛፉ ደሞዝ ቢቀር አይጎድልበትም። ጥንዚዛዎቹ ገቡ፣ ግንዱን ፈለፈሉት። ዛፎቹን የጎዳቸው የዝሆን ጥርስ ሳይሆን የዝሆን መጥፋት ሆነ።

የዚህ ጉዳይ ፍሬ ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ዛፉና ጉንዳኑ አይዋደዱም። አንዱ ለሌላው የሚከፍለው እስካስፈለገው ድረስ ነው። ውሉን አጥብቆ የያዘው ደግሞ ሦስተኛው፣ ጠላት የምንለው በላተኛ ነው። እሱን ስታወጡት ሁለቱን ብቻቸውን አትተዉም፣ ሂሳቡን በሙሉ ትቀይራላችሁ።

ከአራቱ የትኛው ነው ለዛፉ የሚበጀው ብትሉ ጥሩው ዘብ የሚል መልስ ይመጣል። በ2010 እነ ፓልመር የዛፉን ዕድሜ በሙሉ አስልተው ያገኙት ግን ይህን አያሳይም። ዕድሜ ልኩን ከጥሩው ዘብ ጋር ብቻ ከሚኖር ዛፍ ይልቅ፣ በተለያየ ዕድሜው የተለያዩ ጉንዳኖችን የሚያስተናግድ ዛፍ የበለጠ ዘር ይተካል። መካን የሚያደርገው ጉንዳን እንኳ ይጠቅማል። ለጋ ዛፍ ለማንኛውም ብዙ አያፈራም፣ በዚያ ዕድሜው የሚያስፈልገው ከሞት መትረፍ ነው። ኃይለኛው መካን አድራጊ ያን ያደርግለታል። ዛፉ ሲያድግ ነዋሪው ይቀየርና አበባው ይመለሳል። አንዱን ጊዜ ብቻ ያየ ሰው ያንን ጉንዳን ጥገኛ ብሎ ይፈርድበታል።

«ጉንዳን ዝሆንን ምን ሊያደርገው?» የሚል ይኖራል። ቆዳውን ምንም አያደርገውም። ኩምቢው ግን ውስጡ ስስ ነው። ዝሆን ቅርንጫፍ የሚሰብረው በኩምቢው ነው፣ የተቆጣ ጉንዳን ደግሞ ወደ ኩምቢው ውስጥ ይገባል። ኬንያ ውስጥ ለዝሆኖች ምርጫ ተሰጥቷቸው ታይቷል። ጉንዳን የተራገፈለትን የፉሌንሳ ቅርንጫፍ ያለምንም ችግር በሉት። ጉንዳን ያለበትን ሸሹት። የሚወዱት ሌላ ግራር ላይ ጉንዳን ሲደረግበት ደግሞ እሱንም ሸሹት። ያስፈራቸው ጉንዳኑ እንጂ እሾሁ አልነበረም።

ይህ ሁሉ አሁን እየፈረሰ ያለባቸው ቦታዎች አሉ። ከሰው ዕቃ ጋር እየተጓዘ ዓለምን ያዳረሰ፣ ጭንቅላቱ ትልቅ የሆነ አንድ ወራሪ ጉንዳን ላይኪፒያ ገብቷል። መሬት ላይ የሚኖር ነው። ፉሌንሳ ላይ ይወጣና ነዋሪዎቹን ይገድላል፣ እንቁላላቸውንና እጫቸውን ይበላል። ከዚያ ዛፉን አይጠብቅም። ወራሪው በገባበት ቦታ ዝሆኖች ዛፎቹን ከሌላው ቦታ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይሰብራሉ። ሜዳው ተገለጠ። አንበሳ ደግሞ የሚያድነው ተደብቆ ነው። መደበቂያ ዛፍ ሲጠፋ የሜዳ አህያ ከሩቅ ያየዋል፣ ያመልጠዋልም። ዳግላስ ካማሩና ባልደረቦቹ በ2024 ባወጡት ጥናት፣ ወራሪው ባልገባባቸው ቦታዎች የሜዳ አህያ በአንበሳ የመገደሉ ዕድል ከሌላው ቦታ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በ2003 አንበሶች ከሚገድሉት ውስጥ 67 በመቶው የሜዳ አህያ ነበር፣ በ2020 ግን 42 በመቶ። የአንበሶቹ ቁጥር አልቀነሰም፣ ፊታቸውን ወደ ጎሽ አዙረዋል። ጎሽ ግን ከባድ ነው፣ አደገኛም ነው። ሩዝ የማታክል ጉንዳን የአንበሳን ምሳ ቀየረች።

ወደ ደጃችን ልመለስና ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ላንሳ። ሰፈራችን ዳር ባቄላ የሚዘሩ እናት አሉ። ማሳቸው መሐል ጎንበስ ብለው አመድ ሲነሰንሱ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ምን ሆነብዎት?»

«ቁጫጩ ነዋ ልጄ! ባቄላዬን ሊጨርሰው ነው!»

ቁጫጭ ባቄላ አይበላም። ባቄላም እንደ ጉሎ ወለላ አለው። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሁለት ትንንሽ ቅጠል መሰል ነገሮች አሉ። ገልበጥ ስታደርጓቸው ጥቁር ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነጥብ ታያላችሁ። ወለላው የሚወጣው ከዚያች ነጥብ ነው። የሚገርመው፣ የባቄላ ቅጠል ሲቆሰል ተክሉ እነዚህን ነጥቦች ያበዛል። በ2003 የታተመ ጥናት ያረጋገጠው ነው። ሲጠቃ ደሞዝ ይጨምራል፣ ከፉሌንሳው ጋር አንድ ዓይነት ስሌት።

አንድ ነገር ግን መለየት አለባችሁ። ለስላሳው የተክሉ ጫፍ ላይ ጥቁር ክሽክሽ ተከማችቶ ከሆነ ቁጫጩ የተቀጠረው በክሽክሹ ነው። ክሽክሽ የባቄላውን ጭማቂ እየመጠጠ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፣ ቁጫጩ ያን ይልሳል። በምትኩ ክሽክሽ የምትበላዋን ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ያባርርለታል። ያን ጊዜ መላው ቁጫጩን ማሳደድ አይደለም። ክሽክሽ የሰፈረበትን ጫፍ ቀጥፋችሁ ጣሉት፣ የቀረውን በሳሙና ውሃ እጠቡት። ክሽክሹ ሲያልቅ ቁጫጩ እዚያ የሚቆይበት ምክንያት የለውም። ጫፉ ንጹሕ ከሆነና ቁጫጩ የምትመላለሰው ጥቁሩ ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ ግን አመዱን መልሱት። እትዬም ጫፍ ጫፉን አብረን እያየን ሄድን። ክሽክሽ ያገኘነው ከውሃ መውረጃው አጠገብ ባሉት ተክሎች ላይ ብቻ ነበር፣ እነሱን ቀጠፍናቸው።